የጣት ያለህ!

ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ስንዝር አይሞላም። የግራው ኮምፒውተር መሪው ሯጭ አምስተኛውን ኪሎ ሜትር መቼ እንዳለፈ፣ ከማን ጋር እንዳለፈ፣ ተከታዩ በስንት ሰከንድ እንደራቀ ያውቃል። የቀኙ ደግሞ ይህንኑ ከነስሙ፣ ከነባንዲራው አሳምሮ ቴሌቪዥን ላይ ማውጣት ይችላል። ግን አይነጋገሩም። እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች መልእክት የሚለዋወጡት በሦስተኛ ሰው ነው፤ ሦስተኛዎቹ ሰዎች እኛ ነን። ግራው አንድ መስመር ይጽፋል፣ እኛ እናያለን፣ አይተን ቀኙ ላይ ቁልፍ እንጫናለን። በቃ ሥራችን ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተማርነው ስፔስ የምትባለዋን ረጅም ቁልፍ በሰዓቷ ለመጫን ኖሯል።

“ኧረ ሁለቱን በገመድ አገናኟቸው!” የሚለን አይጠፋም። ገመዱማ አለ። ተሰክቷልም። የቀኙ ኮምፒውተር የግራፊክስ ፕሮግራም ነው በገመድ የመጣ ነገር አልሰማም ያለው። እሱ የሚሰማው ኪቦርድ ብቻ ነው። ስፔስ ስንጫን ቀጣዩን ሰንጠረዥ ያወጣል፣ ኤንተር ስንጫን ያጸድቃል፣ ኢስኬፕ ስንጫን ያጠፋል። ዳታ ከውጭ የሚቀበልበት በር እንዳለው ሰምተናል፤ በሩ ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የሚከፈለውም በዶላር ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ። “ጣት አላችሁ አይደል እንዴ?” አለን።

ጣትማ አለን።

የሚመጣው ዳታ ምን ያህል የተራቀቀ እንደሆነ ብታዩ የበለጠ ትናደዳላችሁ። የሯጩ የደረት ቁጥር ጀርባ ላይ ወይም ጫማው ላይ አንዲት ቀጭን ቺፕ አለች። ባትሪ የላትም። መንገዱ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ውስጥ ያለው አንቴና በሚለቀው ሞገድ ትነቃና ቁጥሯን ትናገራለች። ዳር የተቀመጠው ሳጥን ቁጥሯን ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል፣ በሲም ካርድ ወደ እኛ ይልካል። እኛ ዘንድ ሲደርስ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ የቺፕ ቁጥር፣ የምንጣፍ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፣ የሰከንድ ሺኛ። እስከ ሰከንድ ሺኛ ተቆጥሮ፣ አየር አቋርጦ የመጣ ነገር የመጨረሻዋን ስንዝር የሚሄደው በእኛ ጣት ነው። ቁርስ ባልበላ ጣት።

የአትሌቲክስ ሕግ እንኳ ለሰው ልጅ ያዝናል። ተኩሱ ከተሰማ በኋላ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ሳይሞላ የተነሣ የአጭር ርቀት ሯጭ ቀድሞ እንደተነሣ ይቆጠርበታል፤ ሰው ሰምቶ ከዚያ ፈጥኖ ሊነሣ አይችልም ተብሎ ነው። የእኛ ዳይሬክተር ግን ይህ ሕግ አልደረሰውም። ሯጩ ምንጣፉን ሳይረግጥ “አውጣው!” ይላል፤ ሲረግጥ “የት አለ?” ይላል፤ ሲያልፍ “ተኝታችኋል እንዴ?” ይላል። ሰዓት በእጅ ሲለካ ለአሸናፊው ሦስት ሰዓት ያዦች ይመደባሉ፤ ሁለቱ ከተስማሙ የሁለቱ ይያዛል፣ ሦስቱም ከተለያዩ የመካከለኛው ይወሰዳል። እኛ ይግባኝ የምንልበት ሁለተኛ ጣት እንኳ የለንም።

ያውም ሕዝቡ በትንሹ የማይረካ ሆኗል። ሆኖም አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር በሪሁ አረጋዊ ብር ያገኘው በ26:43.44 ነበር፤ ሦስተኛው ግራንት ፊሸር 26:43.46 ገባ። በ2025 በቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ታንዛኒያዊው አልፎንስ ሲምቡና ለጀርመን የሚሮጠው አማናል ፔትሮስ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጠው ሁለቱም 2:09:48 ተጻፈላቸው፤ የለያቸው 0.03 ሰከንድ ነው፣ እሱንም የለየው የፎቶ ፊኒሽ ካሜራ ነው። ይህን ያየ ተመልካች ነው እንግዲህ እሑድ ጠዋት የእኛን ስፔስ ቁልፍ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው።

እናም ከመካከላችን ኮድ የሚሞካክረው ልጅ ስክሪፕት ጻፈ። ነገሩ ቀላል ነው። ስክሪፕቱ ከግራው ኮምፒውተር የሚመጣውን መስመር ያነባል፤ የአምስተኛው ኪሎ ሜትር ምንጣፍ መሪ ሯጭ ባሳወቀ ቁጥር ቀኙ ኮምፒውተር ላይ ስፔስ የተጫነ ያስመስላል። አውቶሆትኪ በሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ይሁን በፓይተን ሥራው ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱን “ሰው ተጫነኝ” ብሎ ያታልላል። በልምምዱ ዕለት እንደ ጉድ ሠራ። አጨበጨብን። በልምምድ ዕለት የማይሠራ ነገርማ አይተን አናውቅም።

የውሸት ጣት ዓይን የለውም። ፊት ለፊት የተከፈተው መስኮት የትኛውም ይሁን፣ እዚያው ላይ ይጫናል። የቫይረስ መከላከያው “ፈቃድዎ ሊያልቅ ነው፣ ላድስ?” ብሎ ብቅ ሲል ስክሪፕቱ ኤንተር ይጫንና “አዎ” ይልልናል። ኮምፒውተሩ ራሱን ላዘምን ብሎ ሲጠይቅም “አዎ” ይልልናል። አንድ ባልደረባችን ለአዘጋጁ “ጋሼ፣ ያቺ ቀሪ ክፍያ” ብሎ ጀምሮ፣ አፍሮ የተወው መልእክት ነበር፤ መሪዎቹ አሥረኛውን ኪሎ ሜትር ሲረግጡ ተላከለት።

ከምንጣፍ ምንጣፍ ደግሞ ለጎበዞቹ እንኳ ሩብ ሰዓት ገደማ አለ። በዚያ መካከል ኪቦርዱን የሚነካ የለም፤ እንዳይነካ ያልነው እኛው ነና። ኮምፒውተሩ ታዲያ “እዚህ ሰው የለም” ብሎ ይተኛል። ሲነቃ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስክሪፕቱ ከተቆለፈው ስክሪን ጀርባ ሆኖ ስፔስ ይጫናል። አሁንም ይጫናል። ደጋግሞ ይጫናል። ትጋቱስ ግሩም ነው።

የአማርኛውን ኪቦርድ ጉዳይ ባናነሣው ደስ ባለን። የሯጮቹ ስም በአማርኛ ነው የሚወጣው፤ ስም ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይታረማል። “ትዕግሥት” ብለን ስንጽፍ “በእሳቱ ሰ ነው” የሚል ይደውላል፤ ስናስተካክል “ማን ነካው?” የሚል ይደውላል። ስለዚህ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ተዙሮም ይረሳል። ስክሪፕቱ ከስፔስና ከኢስኬፕ ሌላ የፊደል አቋራጮችንም ይጠቀማል፤ ለ“ቀጣይ” የእንግሊዝኛውን ኤን፣ ለ“ደብቅ” ኤችን ይጫናል። አማርኛው እንደበራ ከሆነ ግን ኤን ሲጫን “ን” ይወጣል፣ ኤች ሲጫን “ህ” ይወጣል። ፕሮግራሙ “ን” የሚባል ትእዛዝ አያውቅም። የስም መጻፊያው ሳጥን ግን ያውቃል፣ በደስታም ይቀበላል። ሃያኛው ኪሎ ሜትር ላይ በመላው አገር ፊት ውድድሩን የሚመራው አትሌት ስሙ “ንንንህ” ሆኖ ያርፈዋል።

ልጁ ይህን ለመሸሽ ፊደል የማትጽፈዋን ሺፍትን መደበ። ብልህ ነው። መሪዎቹ አምስት ሆነው ተያይዘው ምንጣፉን ረገጡ፣ ሺፍት አምስት ጊዜ ተጫነች። ለካስ ሺፍት አምስት ጊዜ ስትጫን ኮምፒውተሩ ጣቱን የሚያመው ሰው ይመስለዋል፤ በቀጥታ ስርጭት መካከል መስኮት ከፍቶ፣ በርኅራኄ፣ ሁለት ቁልፍ በአንድ ላይ መጫን ይቸግርዎታል ወይ ብሎ ይጠይቀናል። ይቸግረናል! አንዱንም መጫን ቸግሮናል!

ሰዓቱስ? አዘጋጁ “ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል” ይላል። የግራፊክሱ ኮምፒውተር ይህንን 8:00 ይለዋል። የምንጣፉ ሳጥን በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሄድ 5:00 ይለዋል። አንድ ተኩስ፣ ሦስት ሰዓት። አንዱ ስክሪፕቱ ላይ እንደሰማው 02:00 ብሎ ከጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለባዶ ድንኳንና ለዘበኛው “ውድድሩ ተጀመረ” ብሎ ያበስራል። በትክክል ከተጻፈም አያድንም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የክብር እንግዳው አልደረሱም። ሲደርሱ ንግግር አላቸው። ንግግሩ ሲያልቅ ፎቶ አለ። ከፎቶው በኋላ ሽጉጡ አልተኮሰም። ስክሪፕታችን ግን ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሯል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሰዓት የሚያከብር እሱ ብቻ ሆኖ፣ እሱ ነው የተወቀሰው።

የኔትወርኩን ግን ሳንናገር አናልፍም። አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ኔትወርክ የለም። ለምን እዚያ ብቻ እንደሚጠፋ የሚያውቅ የለም፤ ቴክኒሻኑ በሄደ ቁጥር ይኖራል፣ ሲመለስ ይጠፋል። ሳጥኑ ታማኝ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ያለፈውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ይዘረግፈዋል። መሪዎቹ፣ ተከታዮቹ፣ ሴቶቹ፣ ጤና ቡድኖቹ፣ የባንክ ሠራተኞቹ፣ ሁሉም በአንዲት ዐይን ጥቅሻ ውስጥ “አለፉ” ተብለው ይመጣሉ። ስክሪፕቱ ለእያንዳንዱ ይጫናል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰንጠረዥ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ የሽልማቱ ይወጣል፣ የስፖንሰሩ ይወጣል፣ “ስለተከታተላችሁን እናመሰግናለን” የሚለው ይወጣል። ገና 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነን። “አንዴ ከተጫንክ በኋላ አሥር ሰከንድ ታገሥ” ብለን አስተማርነው፤ ታገሠ። በታገሠባት አሥር ሰከንድ ውስጥ የሴቶቹ መሪ አለፈች።

ኔትወርኩ ሲሠራ ደግሞ ካርቶኑ አለ። ያልተወሰዱ የደረት ቁጥሮች፣ ከነቺፓቸው፣ በካርቶን ተሞልተው ይመጣሉ። ፀሐይ የመታው በጎ ፈቃደኛ ካርቶኑን ጥላ ፈልጎ ያስቀምጣል፤ ጥላ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ከምንጣፉ አጠገብ ነው። አንቴናው ምርጫ አያውቅም፣ ያገኘውን ያነባል። ተመዝግበው ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው ብለው ቤታቸው የተኙ ሰዎች ሁሉ ውድድሩን መምራት ይጀምራሉ። ስክሪፕቱ ስማቸውን በክብር ያወጣል። ኮሜንታተሩ ደግሞ ማፈር አይወድም፤ “ያልተጠበቀ ስም! አዲስ ፊት ወደ ፊት ወጥቷል፣ አቅሙን ቆጥቦ ነበር ማለት ነው!” ይላል። አዎ ቆጥቧል። አልጋው ላይ።

በእውነት የሮጠው ደግሞ አይነበብም። ሞገዱ ውኃን አይወድም፣ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ቁጥሩን አጥፎ ኪሱ የከተተ፣ በላዩ ጃኬት የደረበ፣ ላብ ከሰውነቱ ጋር ያጣበቀው ሰው ምንጣፉን በሁለት እግሩ ቢረግጥ ቺፑ ላትናገር ትችላለች። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አገር ምድሩ ሯጭ ሆኗል፤ እሰየው። ቅሬታው ግን የሚመጣው ወደ እኛ ጠረጴዛ ነው። “ልጄ ሮጣለች፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ስሟ የት አለ?” ይሉናል አንዲት እናት። እማማ፣ ቁጥሯን የት ነው ያደረገችው? “እንዳይቀደድ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጬላታለሁ።”

ሰከንዷም ጣጣ አላት። የጎዳና ላይ ሩጫ ውጤት በሕጉ መሠረት ወደሚቀጥለው ሙሉ ሰከንድ ከፍ ብሎ ነው የሚጻፈው፤ 2:08:40.1 የገባ ሰው 2:08:41 ነው የሚባለው። ስክሪፕቱ ግን ትምህርት ቤት እንደተማርነው ወደሚቀርበው ያጠጋጋል፣ 40 ብሎ ያወጣል። ወረቀቱ 41፣ ቴሌቪዥኑ 40። “አንዲት ሰከንድ ናት፣ ተዉት” የሚል ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ያመለጠው በሁለት ሰከንድ ነው፤ ይህ ሕዝብ እነዚያን ሁለት ሰከንዶች ዛሬም አልረሳቸውም። የአሠልጣኙ ስልክ ይጮኻል፣ የማናጀሩ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ከአትሌቱ ሰፈር የማናውቀው ሰው ደውሎ ይጮኽብናል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ሲሠራ ምን ይሆናል? ይፈጥናል! ዳታው በቀጥታ ይደርሳል፣ ሥዕሉ ግን በሳተላይትና በኢንተርኔት ዞሮ ዞሮ ነው ወደ ስቱዲዮ የሚመጣው። ሯጩ ገና ሪባኑን ለመበጠስ ደረቱን ሳይነፋ “1ኛ” የሚል ሰንጠረዥ ከነሰዓቱ ሥሩ ይወጣል። ካፌ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ማኪያቶውን ትቶ “ይሄ ነገር ቀድሞ ተወስኗል!” ይላል። ስለዚህ ስክሪፕቱ እንዲዘገይ ተደረገ። ስንት ሰከንድ? የስርጭት ክፍሉ “አራት” አለን። በነጋታው አንድ መሣሪያ ቀየሩ፤ ሰባት ሆነ። አልነገሩንም። ሰው እስከ ሰከንድ ሺኛ የለካውን ነገር እኛ በግምት እናዘገየዋለን።

እንግዲህ ስክሪፕቱ ስለማይታመን ጠባቂ ተመደበለት። ጠባቂው ስክሪፕቱን ያያል፤ ያልተጫነ ሲመስለው ራሱ ይጫናል። ስክሪፕቱም ይጫናል። ሁለት ጊዜ ተጫነ ማለት ሰንጠረዡ ወጥቶ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ጠባቂውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ተመደበ፤ ሥራው “ተው፣ አትንካ!” ማለት ነው። ኪቦርዱ ላይ “እባክዎ አይንኩ” የሚል ወረቀት ለጥፈናል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ለማንበብ ይጠጋል፣ ሲያነብ ጠረጴዛውን ይደገፋል፣ ሲደገፍ ክርኑ ኪቦርዱ ላይ ያርፋል። “አንዴ ፍላሽ ልሰካ” የሚል አለ። “ቻርጀር አላችሁ?” የሚል አለ። ቡናውን የሚያስቀምጥበት ያጣ አለ፤ እሱን አለማየት ነው። ጄኔሬተሩ ላይ ደግሞ የሙዚቃው ስፒከርና የእኛ ሳጥኖች በአንድ ማከፋፈያ ተሰክተዋል፤ ዲጄው ባስ በጨመረ ቁጥር ልባችን ይቆማል።

ድሮ አንድ ሰው በአንድ ጣት ይሠራው የነበረው ነገር ዛሬ ሦስት ሰው፣ አንድ ስክሪፕትና አንድ ወረቀት ይዞ ነው የሚሠራው። አዘጋጁ ግን ከሩቅ ሲያየን ሦስታችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል። “አሁንማ አውቶማቲክ ሆኗል አይደል?” አለን በመጨረሻው ዕለት፤ አበሉንም እንደዚያው አስቦ ከፈለ። የስፖንሰሩ ሎጎም በየአምስት ኪሎ ሜትሩ በራሱ እንዲወጣ ይፈልጋል፣ “ቀላል ነው፣ ያው ቁልፍ ነው” ብሎ። ለሚቀጥለው ውድድር አንድ ሰው ይበቃል ተብሏል። ማን እንደሚቀር እየተጨቃጨቅን ሳለ ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ ባሕር ማዶ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቀው እሱ ነው፣ ስልኩ አይነሣም፣ ልምምዱ ደግሞ ቅዳሜ ነው።